«ቆርጠው ይጣሉልኝ!» ያለኝ ሹፌር

የዛሬው ጨዋታችን ወንዶቹን ትንሽ ያሳፍር ይሆናል። ሴቶቹም ግን አትለፉት፤ ወንድም ወይም እጮኛ አላችሁና።

ሰሞኑን የዘመድ ዕቃ ለማስለቀቅ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄጄ ነበር። ትራንዚተሩን ስጠብቅ ከአንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ጋር ሻይ ቤት ተቀመጥን። ተቀመጥን ስል የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ሻዩን ቆሞ ነው የጠጣው። የዚህ አምድ ጸሐፊ መሆኔን ሲሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ግራ ቆለጤን ካመመኝ 8 ወሬ ነው። ጋቢና ውስጥ አንድ ሰዓት መቀመጥ አቃተኝ። ከየፋርማሲው ያልገዛሁት ኪኒን የለም። ለምን ቆርጠው አይጥሉልኝም?» አለኝ።

«ሐኪም አይቶሃል?» አልኩት።

«ኧረ እንዴት ብዬ ሱሪዬን ላውርድ!»

አያችሁልኝ? ለማሳየት ያፈረ ሰው ለማስቆረጥ ቆርጧል!

ከ3 ወር ያለፈ የቆለጥ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። መነሻው ብዙ ነው፦ ቫሪኮሲል የሚባለው የደም ሥር እብጠት፣ ቡአ፣ ኢንፌክሽን፣ ዕጢ። አንዳንዴም የኩላሊት ጠጠር ወይም የወገብ ነርቭ ሕመሙን ወደዚያ ይልከዋል። ምክንያቱ ጭራሽ የማይገኝለትም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከቢላዋው በፊት የሐኪም እጅ፣ የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ይቀድማሉ። ኢንፌክሽን ሳይኖር አንቲባዮቲክ መዋጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ማስታገሻና ደገፍ የሚያደርግ የውስጥ ሱሪ ካልረዱ፣ ቀዶ ጥገናው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ያበጠው ደም ሥር ከሆነ እሱን ማሰር ነው፤ አብዛኞቹን ሕመሙ ይለቃቸዋል። ቡአ ከሆነ ቡአውን መጠገን። ሕመሙ ከቆለጡ ጀርባ ያለችው ጥምጥም የዘር ማጠራቀሚያ ቱቦ ላይ ብቻ ከሆነ፣ እሷን ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን በዚያ በኩል ዘር አይተላለፍምና ልጅ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ይወቀው።

ምክንያት ለታጣለት ደግሞ ብልሃት አለ። ቆለጡ የተንጠለጠለበት ገመድ ላይ ሐኪሙ ማደንዘዣ ይወጋል። ሕመሙ ለጥቂት ሰዓታት ጥፍት ካለ፣ ጥፋተኞቹ በዚያ የሚያልፉት ነርቮች ናቸው ማለት ነው። ያኔ በማይክሮስኮፕ እያዩ ነርቮቹን መቁረጥ ይቻላል፤ ቆለጡ፣ ደም ወሳጁና የዘር ቱቦው ባሉበት ይቆያሉ። መርፌው ካልሠራ ግን የዚህ ቀዶ ጥገናም ተስፋው ትንሽ ነው። መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ስለሚጠይቅ በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ዩሮሎጂስት የሚሉት ስፔሻሊስት ዘንድ ሪፈር መባል ያሻል።

ማስወጣቱስ? እሱ የመጨረሻው መጨረሻ ነው። ካስወጡም በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸው አሉ። ቆለጡ ሄዶ ሕመሙ ሲቀር አስቡት!

ለቀጠሮ የማይመች አንድ ነገር አለ። ወንድሜ፣ ድንገት ከባድ ሕመም ከማቅለሽለሽ ጋር ከያዘህ፣ ቆለጡ ተጠማዞ ደም ተቋርጦበት ይሆናል። በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተፈታ ሊሞት ይችላል። ሚሌም ሁን አዋሽ፣ ቅርብህ ያለው ሆስፒታል ግባ፤ «ሞጆ ልድረስ» አትበል።

ሹፌሩ ማክሰኞ ደወለልኝ። አዳማ ላይ አልትራሳውንድ ተነስቶ የደም ሥር እብጠት ነው ተብሏል፤ ቀጠሮም ይዟል። እጮኛውን ግን እስካሁን «ወገቤን ነው» እያላት ነው።