ያለ ኦክስጅን የምትኖር እንስሳ

በዚህ ወር ዓምዳችን ይዘንላችሁ የቀረብነው በዓሣ ሥጋ ውስጥ ስለምትኖር አንዲት ጥቃቅን ጥገኛ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያለ ጥርጣሬ ስንደግመው የኖርነውን ነገር እንደገና እንድንጠይቅ አድርጎናል።

ማንኛውም እንስሳ ለመኖር ኦክስጅን ያስፈልገዋል ተብለን ተምረናል። በሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባለው ክፍል ከምግብ የተገኘውን ንጥረ ነገር በኦክስጅን አማካይነት ወደ ኃይል ይለውጣል። ይህ ክፍል በሕዋሱ ኒውክለስ ውስጥ ካለው የተለየ፣ የራሱ የሆነ አነስተኛ ዲ.ኤን.ኤ. አለው። በሰው ልጅ 37 ጂኖች ሲኖሩት ለልጆች የሚተላለፈውም ከእናት ነው።

አሁን ወደ ጥገኛዋ እንመለስ። ስሟ ሄኔጉያ ሳልሚኒኮላ ይባላል። የምትኖረው በሳልሞን ዓሣ ጡንቻ ውስጥ ሲሆን፣ ነጫጭ እብጠቶችን በመፍጠር ሥጋውን ታበላሻለች፤ ሰውን ግን አታሳምምም። ስፖሯ ከ10 ባነሱ ሕዋሳት የተሠራ ቢሆንም እንስሳ ናት፤ ዘመዶቿም ጄሊፊሽና ኮራል ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ዶሮቴ ዩሾንና በእስራኤልና በአሜሪካ የሚገኙ ባልደረቦቻቸው የዚህችን ጥገኛ የዘር መረጃ ሲያነቡ የማይቶኮንድሪያው ዲ.ኤን.ኤ. ጨርሶ አልተገኘም። የፈለጉትን ማጣት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ምናልባት አሠራሩ ላይ ጉድለት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የዓሣ ጥገኛ የሆነችውን የቅርብ ዘመዷን ማይክሶቦለስ ስኳማሊስን በተመሳሳይ መንገድ መረመሩ። በእርሷ ላይ ዲ.ኤን.ኤው ተገኘ። ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚያበራ ቀለም ሲጠቀሙም በዘመዷ ሕዋስ ውስጥ ኒውክለሱም ማይቶኮንድሪያውም በራ፤ በሄኔጉያ ግን የበራው ኒውክለሱ ብቻ ነበር። ይህን ዲ.ኤን.ኤ. የሚያባዙት ጂኖችም ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። በዚህም ሄኔጉያ የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. እንደሌላት የተረጋገጠባት የመጀመሪያዋ እንስሳ ሆነች።

የሚያስገርመው የቀረው ነገር ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ማይቶኮንድሪያ የሚመስለው ከረጢት በውስጡ ካሉት እጥፋቶች ጋር እስከ አሁን አለ። ኦክስጅን ተጠቅሞ ኃይል ማመንጨት ካልቻለ ታዲያ ምን ይሠራል? አንዳንድ የኬሚካል ሥራዎችን የሚያከናውኑ ጂኖች አልጠፉምና ዝም ብሎ የተቀመጠ ባዶ ዕቃ ነው ማለት አይቻልም። ጥገኛዋ ኃይሏን ከየት እንደምታገኝም በውል አልታወቀም፤ ተዘጋጅቶ የቆየውን ከዓሣው ሕዋሳት ትወስድ ይሆናል የሚል ግምት አለ።

ወጣቶቻችን ከዚህ የሚማሩት አለ። እነዚህ ተመራማሪዎች ያልጠበቁትን ሲያገኙ ለማወጅ አልቸኮሉም፤ አስቀድመው የራሳቸውን ሥራ ፈተሹ። የደረሱበትን ከተናገሩ በኋላም ያልደረሱበትን አልሸሸጉም። ወላጆችም ብንሆን ልጃችን ጠይቆን መልሱ ሲጠፋን «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» ማለት ሊያሳፍረን አይገባም። የሚያሳፍረው ሳያውቁ ማውራት ነው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።