የመመለሱን ውሳኔ ለነጂው ብቻ አትተዉለት

ይድረስ፦ በጣና ሐይቅ ላይ ለምትሠሩ የጀልባ ባለቤቶች፣ የጀልባ ማኅበራት ኃላፊዎችና አስጎብኚዎች

ጉዳዩ፦ በክረምት ስለሚደረግ የጀልባ ጉዞና ስለ መብረቅ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ደቅና ወደ ጣና ቂርቆስ ምእመኑንም እንግዳውንም የምታደርሱት እናንተ ናችሁ። እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ጀልባችሁን አስራችሁ የምትውሉበት ቀን እንደበዛ አያለሁ፤ የነዳጁም ዋጋ ቀላል አይደለም። ይህን እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያስፈራኝ አንድ አሠራር አላችሁና እሱን በግልጽ መናገር አለብኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጀልባ የሚነሣው ሰው ሲሞላ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የመጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ እስከ 5 ሰዓት ይጠብቃሉ። ዘጌ ወርደው፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው፣ ቡና ቀማምሰው ሲመለሱ ቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ከቀትር በኋላ እየከበደ እንደሚመጣ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ሰማዩ ሲጠቁር ነጂው ምን ያድርግ? የሚከፈለው በደርሶ መልስ ነው። ቢቆይ ባለቤቱ «የት ደረስክ?» እያለ ይደውልበታል፤ ተሳፋሪውም «መሸብን» ይለዋል። እሱም «ያልፋል» ብሎ ሞተሩን ያስነሣል።

ባለፈው ክረምት ከዘጌ ስንመለስ ያየሁትን ላሳያችሁ። ነጂው፣ ገና ወጣት ልጅ፣ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ተቀምጦ እንዳይነዳ የጣሪያው ሸራና የተሳፋሪው ብዛት ፊቱን ይጋርዱታል። በአንድ እጁ የሞተሩን እጀታ፣ በሌላው የጣሪያውን ብረት ይዟል። የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ከፊት ተቆልለው ሸራ ተጭኗቸዋል። አጠገቤ የተቀመጠ ሕፃን ጣቶቹን ውኃ ውስጥ ነክሮ ይጫወት ነበር። ከጎርጎራ በኩል ብልጭ ሲል በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሃያ ሳልደርስ ነጎደ። ከጀልባው ውስጥ አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ሕፃኑም ተው የሚለው አላገኘም።

ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ያ ብልጭታ ከእኛ ከሰባት ኪሎ ሜትር አይርቅም ነበር። መብረቅ ደግሞ ዝናብ ከሚጥልበት ቦታ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ ሊወርድ ይችላል። «ዝናቡ ገና ነው» የሚለው ስሌት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስብን ይችላል፤ ጠብታ እስኪያርፍብን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም።

በተዘረጋ ሐይቅ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ጀልባው ነው፤ ከጀልባው ደግሞ የጣሪያው ብረትና የቆመው ሰው። ጀልባው የተሠራበት ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የወረደው ኃይል ወደ ውኃው ለመድረስ በብረቱ፣ በሞተሩና በሰው አካል እየዘለለ መንገድ ይፈልጋል። አንድ እጁ ሞተር፣ ሌላው ብረት የያዘ ነጂ ያን መንገድ በገዛ ደረቱ ላይ ዘርግቶለታል። በቀጭን ብረት የተወጠረው ሸራ ዝናብ ይከለክላል እንጂ መብረቅ አይመልስም። የደንገል ታንኳ ላይ እንጨት ጭኖ የሚቀዝፈው ወገናችንማ የሚሸሽበት ፍጥነት እንኳ የለውም።

በአሜሪካ የመብረቅ ጥንቃቄ ባለሙያዎች ከ2006 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. መብረቅ የገደላቸውን 418 ሰዎች ታሪክ አንድ በአንድ መርምረዋል። 40ዎቹ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ 18ቱ በጀልባ ሲንሸራሸሩ ነበር የሞቱት። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወደ መጠለያ እየሄዱ ነበር፤ አንዳንዶቹ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ቀርቷቸው ነበር። አደጋውን አይተውታል፤ የተነሡት ግን ዘግይተው ነው። ጣና ላይ መዘግየቱ የሚጀምረው ውኃው መሐል ሳይሆን ጠዋት ማረፊያው ላይ፣ ጀልባው እስኪሞላ ስንጠብቅ ነው። ነጂው ዘጌ ላይ ሰማዩን ቀና ብሎ ሲያይ ውሳኔው በእናንተ የክፍያ ሥርዓት ተወስኖ አልቋል።

ስለዚህ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የመነሻ ሰዓት ይቆረጥ። ጀልባው ሞላም አልሞላ ጠዋት ይነሣ፤ እስከ ቀኑ 7 ሰዓትም ባሕር ዳር ይመለስ። ሦስትና አራት ሰው የያዙ ጀልባዎች ተሳፋሪያቸውን በአንድ ጀልባ አሳፍረው ገቢውን ይካፈሉ፤ ማኅበር የተቋቋመው ለዚህም ጭምር ነው። ደቅና ጣና ቂርቆስ ሩቅ ናቸው፤ ደርሶ ለመመለስ ሰዓቱ የማይበቃ ከሆነ እዚያው ማደርን በዕቅድ ያዙ።

ሁለተኛ፣ ነጎድጓድ ከተሰማ ማንም ከወደብ አይውጣ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠበቅ። ተሳፋሪው የሚጠብቀው ቤት ውስጥ እንጂ ዛፍ ሥር አይሁን። በዚህ ምክንያት ለቆየ ወይም ለተመለሰ ነጂ የቀን ክፍያው ሳይጎድል ይሰጠው። ከአራቱ ጥያቄዎቼ ዋናው ይኸኛው ነው፤ ክፍያው ካልተለወጠ የቀረው ደንብ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ውኃ ላይ ሳለ ነጎድጓድ ከደረሰበት ነጂው ወደ ባሕር ዳር ሳይሆን በቅርብ ወዳለው ዳር ያቅና። ተሳፋሪው ጃኬቱን ለብሶ መሐል ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ እጁን ከብረትም ከውኃም ያርቅ። ነጂውም ተቀምጦ የሚያይበት ከፍ ያለ ወንበር ይሠራለት፤ አንድ እጁ እጀታ ላይ ከሆነ ሌላው ጭኑ ላይ ይሁን። ጃኬቱ ከመነሻው ጀምሮ ይለበስ፤ መብረቅ መትቶት ራሱን የሳተ ሰው ዋና ቢችልም አይዋኝም። ስልክ መብረቅ ይስባል ብላችሁ አታጥፉ፤ አይስብም፤ ለእርዳታ የምትጠሩበት እሱ ነው።

አራተኛ፣ ነጂዎቻችሁ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ይሠልጥኑ፤ ቀይ መስቀል ይህን ያሠለጥናል። መብረቅ የመታው ሰው አካል ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ወዲያው ቢነኩት ማንንም አይጎዳም። ልቡና ትንፋሹ የቆመ እንኳ ደረቱ ሳይዘገይ ከተጫነ ሊተርፍ ይችላል። ፈርተን ቆመን ያየነው ሰው ግን በእኛ ፍርሃት ይሞታል።

«እኛ ስንት ዓመት ስንመላለስ አንድ ቀን አልነካንም፤ ታቦቱ ይጠብቀናል» የሚል መልስ ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ። እምነቱ የእኔም ነው። ሆኖም ሊሳለም የወጣን ምእመን በሰላም ወደ ቤቱ የመመለስ አደራ የተቀበለው ገንዘቡን የተቀበለው ነው።

ሥራው ትንበያም ይፈልጋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ከዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ጋር ተባብረው ለዓሣ አጥማጆችና ለጀልባ ነጂዎች የሚሆን የሐይቅ ትንበያ ማዘጋጀት ጀምረዋል። እናንተም በማኅበር ተደራጅታችሁ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ለጣና እንዲሁ እንዲያደርግ ጠይቁ፤ የጠዋቱ ትንበያም በየማረፊያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

የምንሳፈር ሰዎችም ድርሻ አለን። «ቶሎ በል» እያልን ነጂውን የምናጣድፈው እኛ ነንና ይህ ልማድ ከእኛም ይቁም። ክረምቱ ሳይገባ ማኅበራቱ ተሰብስባችሁ ደንቡን አጽድቁ፤ በየማረፊያውም ለጥፉት። ለቆየ ነጂ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት ይመጣል ካላችሁ በክረምት የጉዞ ዋጋ ላይ ጨምሩበት፤ እኔ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፤ ሌላውም ተሳፋሪ ምክንያቱ ከተነገረው እምቢ የሚል አይመስለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጣናን አዘውትሮ የሚሻገር የባሕር ዳር ነዋሪ