ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሲለያዩ

ጋብቻ የቤት መሠረት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን በቁርባን ወይም በሰማንያ ሳይተሳሰሩ፣ በሙስሊሞችም ዘንድ ኒካሕ ሳያስሩ፣ አንድ ምድጃ ይዘው የሚኖሩ ወንድና ሴት በየአገሩ አሉ። ኑሮአቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለካህናትና ለሼሆች ትተን፣ በተለያዩ ጊዜ ሕግ ለማን ምን እንደሚሰጥ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን።

ለምሳሌ በጨፋ ሸለቆ፣ ቦርከና በሚያጠጣው በዚያ ለምለም ሜዳ፣ አንድ ሰውና አንዲት ሴት ሳይጋቡ አምስት ዓመት አብረው ኖሩ እንበል። እርሱ ያርሳል፤ እርስዋ ወተት ታልባለች፣ ቅቤ ትሸጣለች። ከድካማቸውም ገንዘብ በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ሁለት ላም ተገዛ፤ በከሚሴ ከተማም የቆርቆሮ ቤት ተሠራ። ኋላ ተጣሉና «ሚስቴ አይደለሽም፤ ላሞቹም ቤቱም የኔ ናቸውና ውጪ» አላት። እንግዲህ ባዶ እጅዋን ትሂድን?

ቀድሞ ቢሆን መልሱ ለእርስዋ ከባድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ኑሮ ቢያውቀውም፣ የንብረት አንድነት አያስገኝም ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ግን ይህን ለወጠው። በአንቀጽ 102 እንደ ተጻፈው፣ አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ያላነሰ እንደ ሆነ፣ ሌላም ስምምነት ከሌለ፣ በዚያ ዘመን ያፈሩት ንብረት የሁለቱ የጋራ ነው። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ ስላወጣ፣ የከሚሴ ባለጉዳይ አቤቱታውን ሲያጽፍ አንቀጹን ከዚሁ ሕግ ይጥቀስ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ነው፤ አንዱ ካልፈቀደ ነገሩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል።

ይሁን እንጂ መብት ያለ ማስረጃ አይቆምም። ሕጉ የሚፈልገው ሁለቱ እንደ ተጋቡ ሰዎች ሆነው መኖራቸውን ነው፤ «ባልና ሚስት ነን» ብለው ለሰው መናገራቸው ግድ አይደለም። መመላለስና መገናኘት ብቻ ግን፣ ቢደጋገምም በአገር ቢታወቅም፣ አይበቃም። ስለዚህ ኑሮአቸውን ያዩ ጎረቤቶች ለምስክርነት ያስፈልጋሉ፤ ይልቁንም ቤት ሲሠራ፣ ከብት ሲገዛ፣ ይዞታ በደብተር ሲመዘገብ የሁለቱንም ስም ማስገባት ከብዙ ክርክር ያድናል።

የልጆች ነገር ደግሞ ከንብረት ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ኑሮ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ያው ሰው ነው ተብሎ በሕግ ይገመታል። እናቱን «ሚስቴ አይደለችም» ያለ ሁሉ ከልጁ ቀለብ አያመልጥም።

እናንተም ለዕርቅ የምትቀመጡ ሹማምንትና ሽማግሌዎች ሆይ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከፊታችሁ ሲቀርቡ «ሠርግ ተደግሶ ነበርን?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ? በዚያስ ጊዜ ምን አፈራችሁ?» ብላችሁ መርምሩ። አብረው የሚኖሩትም ፍቅር ሳለ ይጻጻፉ፤ ጠብ ከመጣ በኋላ የሚፈርም እጅ አይገኝምና። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል።