«ለፍቅር ብቻ» የተባለው ጨዋታ፦ ሒሳቡን ማን ከፈለው?

ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ወሬ እንደ ፋሽን ተይዟል። «ስፖርትን ያበላሸው ገንዘብ ነው፤ የጥንቱ አማተር ይሻል ነበር፤ ያኔ የሚጫወተው ለፍቅር ብቻ ነበር» ይባላል። ይህን የሚሉት ጓደኞቻችን ቅን ልብ እንዳላቸው እናውቃለን፤ በዚህ አንጣላም። ግን «ጥንት» ሲሉ የማንን ጥንት ማለታቸው ነው? እስቲ ለዚህ ሐሳብ በዓለም ላይ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነውን አንድ ክበብ አንስተን እንመርምር፤ ባርባሪያንስ የተባለውን የእንግሊዝ የራግቢ ክበብ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ራግቢ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ እየሮጡ፣ እየተናነቁና እየተጣጣሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ክበቡ የተጠነሰሰው ኤፕሪል 9 ቀን 1890 በሰሜን እንግሊዝ፣ በብራድፎርድ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት በእራት ላይ ነው። ጠንሳሹ ዊልያም ፐርሲ ካርፕሜል በካምብሪጅ የተማረ ሰው ነበር። የደቡብ ተጫዋቾችን ሰብስቦ ወደ ሰሜን ይዟቸው ወጥቶ ነበርና፣ የጉዞው ጓደኝነት ስለጣመው «ለምን ዘላቂ አናደርገውም?» አለ። የመጀመሪያ ግጥሚያቸውን በዚያው ዓመት ዲሴምበር 27 ቀን ከሃርትልፑል ሮቨርስ ጋር አድርገው 9 ለ4 አሸነፉ። ስማቸውም «አረመኔዎች» ማለት ነው። ጨዋዎቹ ራሳቸውን አረመኔ ብለው መጥራታቸው እንግዲህ ቀልድ መሆኑ ነው።

ምን አለፋችሁ፣ ሐሳቡ ያምራል። ክበቡ የራሱ ሜዳ የለውም፤ ቤት የለውም፤ የአባልነት መዋጮ የለውም። ሰው የሚገባው ተጋብዞ ነው፤ መመዘኛውም የጨዋታ ችሎታና መልካም ጠባይ ብቻ ነው ይባላል። ጥቁርና ነጭ ማልያ ሁሉም ይለብሳል፤ ካልሲው ግን የየራሱ ክበብ ካልሲ ነው። ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ገና ያልተሰለፈ አንድ ተጫዋች በቡድኑ ውስጥ የማካተት ልማድም አላቸው። ይህን ሁሉ እናደንቃለን፤ አድናቆታችንንም አንደብቅም።

ታዲያ ጠባችን ከምን ላይ ነው? ጠባችን «ለፍቅር ብቻ» ከምትለው ቃል ጋር ነው። ብራድፎርድ የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ናት። በዚያ አካባቢ ራግቢ የሚጫወተው ወዝ አደር ብዙ ነበር፤ ቅዳሜም የሥራ ቀን ነው። ለግጥሚያ የሄደ ሠራተኛ የቀረበት ሰዓት ከደመወዙ ይቆረጣል። ሠራተኛው ሀብት ስጡኝ አላለም፤ «የቀረብኝን የቀን ሒሳብ ተኩልኝ» ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1893 ጉዳዩ በለንደን በራግቢ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቀርቦ በ282 ድምፅ ለ136 ተጣለ። ለምን? የጨዋታው ንጽሕና ይጎድፋል ተብሎ! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸ ነው። ደመወዙ የማይቆረጥበት ሰው፣ ደመወዙ ለሚቆረጥበት ስለ ንጽሕና ይሰብካል።

በ1895 ከ20 በላይ የሰሜን ክበቦች በሃደርስፊልድ ከተማ፣ ጆርጅ በተባለው ሆቴል ተሰብስበው ከማኅበሩ ወጡ። ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው የተወለደው ያን ቀን ነው። ለቀረ የሥራ ቀን የፈቀዱት ካሳ ስድስት ሺሊንግ ነበር። ስድስት ሺሊንግ! ከዚያ በኋላ ወደ ሊግ የሄደ ተጫዋች ወደ አማተሩ ጨዋታ እንዳይመለስ በሩ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ተዘጋበት። እንግዲህ ባርባሪያንስ በተጠነሰሰበት ክፍለ አገር፣ በአምስት ዓመት ልዩነት፣ አንዱ ለጉዞ ደስታ ማኅበር ሲያቆም ሌላው ለቀን ደመወዙ ሲል ከማኅበር ወጣ። ሁለቱን ታሪኮች ነጣጥሎ የሚያነብ ሰው ግማሹን ነው ያነበበው።

የክበቡ ትልቅ ልማድ የፋሲካ ጉዞ ነበር፤ ወደ ደቡብ ዌልስ። ስቅለት ዓርብ ከፔናርዝ፣ ቅዳሜ ከካርዲፍ፣ ሰኞ ከስዋንዚ፣ ማክሰኞ ከኒውፖርት። እሑድ ጎልፍ! እውነት ለመናገር ጉዞው ደስ ይላል፤ ሕዝቡም በገፍ እየወጣ ያያቸው ነበር። ግን ደቡብ ዌልስ የከሰል ማዕድንና የብረት ፋብሪካ አገር ነው። እሑድ ጎልፍ ተጫውቶ ማክሰኞ ሜዳ ለመግባት የሚችለው ማን ነው? ረቡዕ ማለዳ ጉድጓድ የሚወርደውስ?

ከዚሁ አገር አንድ ልጅ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1973 ባርባሪያንስ በካርዲፍ ኒውዚላንድን 23 ለ11 አሸነፈ። በዚያ ቀን ኳስ ከራሳቸው የግብ መስመር አጠገብ ተነሥታ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ፣ በመጨረሻ ጋሬዝ ኤድዋርድስ ሮጦ አስቆጠራት። በራግቢ ዓለም እንደዚያች ነጥብ የሚወራላት የለም። ኤድዋርድስ የማን ልጅ ነው? የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ! የጨዋዎቹን ክበብ ስም ከሁሉ በላይ ያስጠራው እሱ ነው። በ1978 ጨዋታ አቁሞ የሕይወት ታሪኩን ጻፈ፤ የመጽሐፉንም ክፍያ ተቀበለ። በዚህ የተነሣ «ፕሮፌሽናል ነህ» ተብሎ ከአማተር ራግቢ ታገደ፤ ማሠልጠን እንኳ ተከለከለ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህን እንዴት በዝምታ እናልፋለን? ሰው የገዛ ሕይወቱን ጽፎ ቢከፈለው ምን አጎደፈ?

«እሺ ይሁን፤ ግን ይኸ የእንግሊዞች የመደብ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ያገባናል እንጂ! የራግቢ ጉዞ እስከ ቤታችን መጥቷል። ባርባሪያንስ በ1958 ደቡብ አፍሪካ ሄደው ተጫወቱ። በ1960 በሻርፕቪል 69 ሰዎች በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በ1969 ክበቡ ተመልሶ እዚያው ሄደ። ጥቁሩ ለብሔራዊ ቡድን በማይሰለፍበት አገር፣ መመዘኛችን ችሎታና ጠባይ ብቻ ነው የሚል ክበብ ምን ሊመዝን ሄደ? እሱ ብቻም አልነበረም፤ ሌሎቹም በዚያው መንገድ ሄደዋል። በ1976 ሶዌቶ በደም በታጠበች ሰሞን የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን ለጉዞ ግጥሚያ ደቡብ አፍሪካ ገባ። ኒውዚላንድ ከኦሊምፒክ ትታገድ ተብሎ ቢጠየቅ እምቢ ተባለ፤ ከ20 በላይ አገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወጡ። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። የ5 ሺሕና የ10 ሺሕ ሜትር ወርቁን ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ በሞስኮ ነው። አገራችን የወሰደችው አቋም ትክክል ነበር እንላለን፤ ዋጋውን ግን የከፈለው ማን እንደሆነ አንርሳ። «እኛ ኳስ እንጂ ፖለቲካ አናውቅም» ያሉት ተጉዘው ተጫወቱ፤ ራግቢ ነክቶ የማያውቀው ሯጭ እቤቱ ተቀመጠ።

ወዳጆቻችን አንድ የመጨረሻ መከራከሪያ አላቸው፤ ጠንካራም ነው። በ1995 ራግቢ ክፍያን ፈቀደ፤ በ1996 የፋሲካው ጉዞ አበቃ። «አያችሁ? ገንዘብ ገደለው!» ይላሉ። የቀረው ነገር መልካም እንደነበረ እኛም እናምናለን፤ እናዝናለንም። ነገር ግን ክበቡ አልሞተም። ዛሬም እየጋበዘ ይጫወታል፤ ከ2017 ጀምሮ የሴቶች ቡድንም አለው። አማተር በነበረበት ዘመን ያላሰበውን ማድረጉ ነው። ደግሞም አንድ ደስታ የሚቆየው ደሀው በር ላይ እስከቆመ ድረስ ብቻ ከሆነ፣ ያ ደስታ ፍቅር ሳይሆን ርስት ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ፤ ነገሩ የተነሣው እዚህ ነውና። የስፖርትም የሥነ ጽሑፍም ክበቦቻችን ለግጥሚያና ለንባብ ወደ ሌላ ከተማ ሲወጡ «በፈቃደኝነት ነው፤ ለፍቅር ነው» እንላለን። ቅዳሜና እሑድ ልጅ እያስጠና ወይም ሱቅ እየጠበቀ የወር ወጪውን የሚሸፍን ጓደኛችን ግን ሲቀር «ፍላጎት የለውም» ብለን ስሙን እንሰርዛለን። ፍላጎት አጥቶ ነው? ሰርዘን ከመፍረዳችን በፊት ጠይቀነዋል? የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ክበቦቻችን ከሚያዋጡት ገንዘብ መጀመሪያ የሚነሣው ለማልያና ለግብዣ ሳይሆን፣ በጉዞው ምክንያት የቀን ገቢው ለሚቀርበት አባል ይሁን። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይህ በአጀንዳ ይያዝ፤ ድምፅ ይሰጥበት። የምንቃወመው ካለ ይነሣና ይናገር። ብቻ የራሱን ቅዳሜ ማን እንደሚከፍልለት አስቀድሞ ይንገረን።