ክራንቹን ለባለቤቱ መልሱለት

በዚህች መጽሔት የመጨረሻ ሦስት እትሞች ውስጥ ስለ ቆሰለ ወታደር የተጻፉትን ግጥሞች ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ናቸው። በዘጠኙም ውስጥ ክራንች አለ። በአንደኛው ክራንቹ የአገር ምሰሶ ነው፤ በሌላው የታሪክ የጥያቄ ምልክት ነው፤ በአንዱማ፣ ይቅር ይበለንና፣ ክራንቹ ራሱ አፍ አውጥቶ ይፎክራል። ክራንቹን የያዘው ሰውዬስ? እሱ የለም። ብብቱ ሥር ቆዳው ተልጦ እንደሆነ፣ የቀረው ጉልበቱ ደረጃ ሲወርድ እንደሚክደው፣ ሌሊት ሌሊት የሌለው እግሩ ጣቶች ሲያቃጥሉት እንደሚነቃ የነገረን ገጣሚ አንድም አልተገኘም።

ጓደኞቼ ይቀየሙኝ ይሆናል፤ ይቀየሙ። የብዕር ሰዎቻችንና የሕክምና ቦርዱ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የያዙት። ቦርድ ምን እንደሆነ ቤተሰቡ ውስጥ ወታደር ያለ ሁሉ ያውቀዋል። የቆሰለው ወታደር ታክሞ ወደ ክፍሉ የማይመለስ ሲሆን ሐኪሞች ተሰብስበው ያዩታል፣ ጉዳቱን ይመዘግባሉ፣ ያሰናብቱታል። «በቦርድ ወጣ» ይባላል። አባባሉ ራሱ ያለቀ የደቀቀ ነገር ያስመስለዋል። ገጣሚውም ሰውዬውን በአንድ ስንኝ አይቶት «ጀግና» ብሎ ያሰናብተዋል። ቦርዱ አንድ ቀን ይቀመጣል፤ ግጥሙ አንድ ገጽ ይፈጃል፤ ቁስሉ ግን ከዚያ በኋላ ሠላሳና አርባ ዓመት ይሠራል። ክርክሬ ይኸው ነው፦ የጦር ቁስል የአንድ ቀን አደጋ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ የሚሄድ በሽታ ነው፣ እንደ በሽታም ክትትል ይፈልጋል።

እግሩ የተቆረጠን ሰው እንውሰድ። ብዙዎቻችን የሚመስለን ቁስሉ ከደረቀና ሰው ሠራሽ እግር ከተገጠመለት ነገሩ አለቀ ነው። አላለቀም። የተቆረጠው እግር ጫፍ፣ ጉቶው እንበለው፣ ሥጋው እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ትናንት ልክ የነበረው ማቀፊያ ዛሬ ይሰፋል፤ የሰፋው ማቀፊያ ያሻሻል፣ ያቆስላል። የተቆረጠው ነርቭ ጫፉ ላይ እንደ እንቡጥ ያብጥና ሲነኩት እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። ይባስ ብሎ ሥጋው መካከል አጥንት ይበቅላል! ይህ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ኢራቅና አፍጋኒስታን ውስጥ ቆስለው እጅና እግራቸው የተቆረጠ አሜሪካውያንን ቢመረምር፣ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ይህንኑ የበቀለ አጥንት አግኝቷል። ስለዚህ አንዳንዶቹ እንደገና ወደ ቢላዋ ይመለሳሉ።

ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠ ሰው ደግሞ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ሙሉ እግር ካለን ከእኛ በግማሽና ከዚያም በላይ የበዛ ጉልበት ያወጣል። ስለዚህ መሄድ ይተዋል። መሄድ ሲተው ይወፍራል፣ ደም ብዛት ይመጣል፤ ሸክሙን ሁሉ የተሸከመው ደኅነኛው ጉልበት ይበላል፤ ወገቡ ይጎብጣል። የልቡ ነገር ከሁሉ ይብሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እጅና እግራቸውን ያጡ የአሜሪካ ወታደሮችን ሠላሳ ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ጥናት፣ ሁለት እግራቸውን ያጡት ወይም ከጉልበት በላይ የተቆረጡት፣ በጦርነት ሌላ ዓይነት ጉዳት ከደረሰባቸው ጓዶቻቸው ይልቅ በልብና በደም ሥር በሽታ እንደሚሞቱ አረጋገጠ። አፍጋኒስታን የዘመቱትን ብሪታንያውያን የሚከታተለው የዘመናችን ጥናትም፣ ክፉኛ የቆሰሉት ካልቆሰሉት ባልደረቦቻቸው ይልቅ የደም ሥራቸው እየገተረ እንደሆነ አሳይቷል። እንግዲህ እግሩን ፈንጂ የወሰደበት ሰው በስልሳ ዓመቱ በልብ ድካም ሲሞት፣ «የእግዜር ሞት ሞተ» ተብሎ ይቀበራል። ፈንጂው ነው እኮ የገደለው! አርባ ዓመት ፈጀበት እንጂ።

በሰፈራችን ዘበኛ ሆነው የሚሠሩ አንድ ሰው አሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። በ1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ጭናቸው የገባ ፍንጣሪ እስከ ዛሬ አልወጣም። አጥንቱ ያመረቅዛል፤ በየጥቂት ዓመቱ ይከፈታል፣ መግል ይፈሳል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይከፈታል። ይህ ዓይነቱ የአጥንት ማመርቀዝ አሥርና ሃያ ዓመት ተኝቶ የሚነሣ መሆኑን ሐኪሞች አሳምረው ያውቁታል። ጋሼ ግን አንድ ቢሮ ሄደው ሲያመለክቱ የተሰጣቸው መልስ «ፋይልዎ ተዘግቷል» የሚል ነበር። እሳቸው ሲያወሩት እየሳቁ ነው፤ «ፋይሉስ ተዘጋ፣ ጭኔ አልሰማ ብሎ እንጂ» ይላሉ።

ይህ እንግዲህ የሚታየው ቁስል ነው። የማይታየውስ? መድፍ ወይም ፈንጂ አጠገቡ የፈነዳበት ሰው፣ አንድ ጭረት ሳያገኘው፣ በግፊቱ ብቻ አእምሮው ሊናጋ ይችላል። ጆሮው ይደነቁራል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ይረሳል፤ ብርሃን ይጠላል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል። ከዚህ ጋር ቅዠቱ፣ ድንጋጤው፣ እንቅልፍ ማጣቱ ይዳበላል፤ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት ሐኪምንም ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1915 ቻርልስ ማየርስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም ጉዳዩን በሕክምና መጽሔት ላይ ሲጽፍበት፣ የጦር አዛዦቹ ፍርሃት ነው የሚለውን ፍርዳቸውን ገና አልለቀቁም ነበር። በዚያው ጦርነት በመክዳት፣ በፈሪነትና በመሰል ክስ ለተረሸኑት 306 ወታደሮች የብሪታንያ መንግሥት ይቅርታ ያደረገላቸው በ2006 ነው፤ ዘጠና ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ዛሬ ሁሉ የሚያውቀውን ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት በመዝገቡ ያሰፈረው በ1980 ነው፤ ለዚያውም የቬትናም ተመላሾች ከጮኹ በኋላ።

በእኛ ዘንድ ይህ ሰው ምን ይባላል? «ሰካራም» ይባላል። «ጦርነቱ አበላሸው» ይባላል። ዕድሉ ቀንቶት ወደ ጠበል የሚወስደው ዘመድ ካገኘ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ለብዙ ዓመታት አገሪቱ የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር። ሚስቱ በሌሊት ጩኸቱ የምትነቃዋ፣ ልጁ በጩኸት በር ሲዘጋ አባቱ መሬት ላይ ሲወድቅ ያየው፣ እነሱም በቦርዱ መዝገብ ውስጥ የሉበትም። በዘጠኙ ግጥሞች ውስጥም እንዲሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ኦጋዴንና ወደ ሰሜን የዘመተው የገበሬ ልጅ፣ በሕይወት ካለ ዛሬ ሰባ ዓመት እየሆነው ነው ወይም አልፎታል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ከ450 ሺህ የማያንስ ወታደር ወደየቤቱ ሂድ ተባለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። እውነቱን ለመናገር ኮሚሽኑ ብዙ ሠርቷል፤ ስንዴ ሰጥቷል፣ ብዙዎችን ወደ እርሻ መልሷል፣ ጉዳተኛውን አሳክሟል። ከዚያ ግን ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ተዘጋ። የጉዳተኛው ጉቶ ያኔ ገና መሟሸሽ እየጀመረ ነበር። የተሸነፈ ሠራዊት ወታደር ስለነበረም ቁስሉን ማውራት ራሱ የሚያሳፍር ሆነበት፤ አሮጌ የወታደር ካፖርት ለብሶ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተቀመጠውን የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ያሸነፈውም ወገን ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። አጥንት ወገን አይለይም፤ የደርግ ፍንጣሪም የታጋይ ፍንጣሪም አንድ ዓይነት ነው የሚያመረቅዘው።

ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ሌላ ትውልድ ቆሰለ። ከ2013 ጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ደግሞ በሰሜን ሌላ። በዚያው በ2015 የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ወደ ሲቪል ኑሮ እመልሳቸዋለሁ ብሎ የያዘው የተዋጊዎች ቁጥር ከ371 ሺህ በላይ ነው። መቀሌ ላይ የጦር ጉዳተኞች ሕክምናና መጠለያ እየጠየቁ አደባባይ ወጥተዋል። ስንት ሰው ሞተ እያልን ሻይ ቤት ስንጨቃጨቅ እናመሻለን፤ ስንት ሰው ቆሰለ ብሎ የተጨቃጨቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግሞ የቆሰለው ቁጥር ወደፊት እየበዛ እንጂ እያነሰ አይሄድም፤ ምክንያቱም ሕክምና ሲሻሻል የሚተርፈው ይበዛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከቆሰሉት አሜሪካውያን መካከል መቶ እጅ ሠላሳ ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነት ግን አሥር ያህሉ ብቻ ናቸው የሞቱት። የተረፈው ሁሉ ቁስሉን ይዞ ነው የሚኖረው።

«ድሃ አገር ነን፣ ምን ይደረግ?» የሚለው መልስ ወዲያው እንደሚመጣ አውቃለሁ። በመጀመሪያ ነገር ሀብት ብቻውን ኅሊና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2007 በዋሽንግተን ዋልተር ሪድ የተባለው ስመ ጥር የጦር ሆስፒታል ተመላላሽ ቁስለኞች ሻጋታ በበላው ሕንጻ ውስጥ፣ በወረቀት ክምር ታንቀው እንደሚኖሩ ጋዜጣ ሲያጋልጥ ዓለም ሁሉ ጉድ ብሏል። የዓለም ሀብታም ሠራዊት ነው ይህ! ሁለተኛ ነገር፣ ከሁሉ የሚበልጠው ሕክምና ሁልጊዜ ውድ አይደለም። ሕብለ ሰረሰሩ የተመታ ወታደር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ነበር የሚሞተው፤ የሚገድለው ጥይቱ ሳይሆን የመኝታ ቁስሉና ወደ ኩላሊት የሚወጣው የሽንት ኢንፌክሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ሉድቪግ ጉትማን የተባለ ከናዚ ያመለጠ ሐኪም እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ውስጥ ምን አደረገ? በሽተኞቹን ሌትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ አስገላበጣቸው። ሽንታቸውን በንጽሕና አስጠበቀ። ከአልጋ አስነሥቶ ሥራና ስፖርት ሰጣቸው፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ግቢ ነው። መገላበጥ ዶላር አይጠይቅም፤ እጅ ይጠይቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ የጉዳተኛን የደም ግፊት መለካትም እንዲሁ፤ መለኪያው በየጤና ጣቢያው ተሰቅሏል።

ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ ማዕከሎችስ ቢሆኑ በአዲስ አበባ፣ በመቀሌ፣ በደሴ፣ በባሕር ዳር፣ በአርባ ምንጭ አሉ። ችግሩ፣ ሰውዬው ከገጠር ተነሥቶ የአውቶቡስ ከፍሎ፣ አልጋ ተከራይቶ፣ ልኩ እስኪወሰድና እስኪሠራለት ሳምንታት ማደር አለበት። አንዴ ይመጣል። ሁለተኛ አይመጣም። ስለዚህ ቦርዱ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ይቀመጥ፤ ሰውዬው ወደ ቦርዱ ከሚሄድ ቦርዱ ወደ ወረዳው ይሂድ፤ ጡረታውም ቁስሉ ሲብስ አብሮ ይታይ። ይህን መጠየቅ ሠራዊትን ማዳከም አይደለም። ነገ የሚዘምተው ወጣት እኮ ዛሬ ደጀ ሰላም የተቀመጠውን እያየ ነው የሚያድገው።

አሁን ወደ ገጣሚዎቻችን ልመለስ፤ «ግጥም የሐኪም ወረቀት አይደለም» የሚሉኝ ደርዘን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። አይደለም እንዴ! ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞችን ያከመ ሳይለስ ዊየር ሚቼል የተባለ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1866 አትላንቲክ መንዝሊ በተባለው መጽሔት ላይ ስሙን ሳይጽፍ አንድ ልብ ወለድ አወጣ። «የጆርጅ ዴድሎው ጉዳይ» ይባላል፤ ሁለት እጁንና ሁለት እግሩን ስላጣ መኰንን ነው። ሐኪሙ በሆስፒታል ያየውን ሕመም አንድ በአንድ አስገባበት፤ የሌለው እግር እንዴት እንደሚያም ጭምር። (መጨረሻው ላይ መናፍስት ጠሪዎች ያመጣበት ክፍል ለቀልድ ነው፤ እሱን እንለፈው።) አንባቢው እውነተኛ ሰው መስሎት ለጆርጅ ዴድሎው ገንዘብ አዋጣ፤ አንዳንዱም ሊጠይቀው ፊላዴልፊያ ሆስፒታል ድረስ ሄደ! ሕመሙን ስም አውጥቶ የጠራው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ልብ ወለዱ ቀደመ ማለት ነው። የእኛ ዘጠኝ ግጥሞች ታትመው ወጡ፤ ማን ሆስፒታል ሄደ?

እና ለሚቀጥለው እትም ክራንች ያለበት ግጥም ይዛችሁ የምትመጡ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ ከባለክራንቹ አጠገብ ተቀመጡ። አንቱ በሉና ደም ብዛታቸው መቼ እንደተለካ ጠይቁ፤ ሌሊት በስንት ሰዓት እንደሚነቁ ጠይቁ፤ እግሩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁ። አምስት ዓመት ካለፈው ማቀፊያው ሰፍቶባቸዋል፤ ክፍተቱን የሚሞሉት በካልሲ ነው፣ በሦስት በአራት ካልሲ፣ ከላይ እስከ ታች ደራርበው።