ለድንገተኛ ሕክምና ትምህርት የሚሄደውን ማን ይተካዋል?





ትውልዴ ታች ጋይንት ሲሆን ኑሮዬና ሥራዬ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባ ነው። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ለለቅሶ አገሬ ገብቼ ሳለሁ የአክስቴን ልጅ ምጥ ጠናባትና ሁለት ቀን ሰነበተች። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናት። እዚያ ያገኘነው ወጣት የጤና መኮንን መርምሮ ልጁ በአግድም መተኛቱን ወዲያው ተረዳ። ምን መደረግ እንደሚገባውም ያውቃል፤ ለማድረግ ግን አልሠለጠነም። ስለዚህ ወደ ደብረ ታቦር ጻፈልን። የጉናን ትከሻ በጭቃና በጉም አልፈን እስክንደርስ ሌሊቱ ነጋ። እናቲቱ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም።

በኋላ ወጣቱን ላመሰግን ጐራ ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ ቀዶ ሕክምናውን ልማር ብዬ ሁለት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ የሚተካህ ሰው የለም እየተባልሁ ቀረሁ» አለኝ።

በመጀመሪያ በአለቃው ላይ ተቆጣሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን አለቃውም እውነት አለው። ያ ልጅ ሦስት ዓመት ቢሄድ በዚያ መካከል ለሚመጣው በሽተኛ ማን ይቆማል? የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው።

የጤና መኮንን ማሠልጠን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ሐኪም ላልደረሰበት ገጠር ሠራተኛ ለማፍራት ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የጤና መኮንኖችን በሦስት ዓመት ትምህርት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ባለሙያ የሚያደርግ የማስተርስ ትምህርት አስጀመረ። በ2003 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሐኪሞች የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስትነት ሥልጠና ተጀመረ፤ ከዚያ የሚወጣ ስፔሻሊስት ግን ስማዳ ድረስ ይወርዳል ብዬ በቅርቡ ተስፋ አላደርግም።

ሞዛምቢክ ሐኪም ያልሆኑ ሠራተኞችን ለቀዶ ሕክምና ማሠልጠን የጀመረችው በ1976 ዓ.ም. ነው። ከሰባት ዓመት አገልግሎት በኋላ ሲቈጠሩ ከእነዚህ ሠራተኞች ከመቶው 88ቱ በገጠሩ ሆስፒታል እንደ ነበሩ ተገኝቷል። በዚያው ከተመደቡት ሐኪሞች ግን አንድም አልቀረም።

ከዚያ ክረምት ወዲህ በወረዳዎቻችን ብዙ ተሠርቷል። ጋይንትም፣ ስማዳም፣ እስቴም ሆስፒታል አላቸው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የሆስፒታሉ ዕቃ ተዘርፏል፤ ዕቃው በገንዘብ ይተካል፣ ምጥ የጠናባትን እናት ቀዶ የሚያዋልድ ሰው ግን በጨረታ አይገዛም።

የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። አንዱ ወረዳ አንድ ሰው ለትምህርት ሲልክ ሁለቱ ወረዳዎች በየተራ ሰው ቢያበድሩትና ዞኑ የውሰቱን አበል ቢችል፣ «ተተኪ የለም» የሚለው መልስ ይቀራል። ተማሪውም ሲመለስ የሚሠራበት ቦታ ከመሄዱ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። ለትምህርት ለማይሄዱት ነርሶችና ለአምቡላንስ ነጂዎች ደግሞ የሚፈስ ደምን ማቆም፣ የታፈነ መተንፈሻን መክፈት፣ ነፍሰ ጡርን በግራ ጐኗ አስተኝቶ መጫን በደብረ ታቦር በአጭር ኮርስ ሊሰጣቸው ይቻላል። አምቡላንስ ያለ ሠለጠነ ሰው ታርጋው የተለየ ታክሲ ነው፤ ይህን ስል ነጂዎቹን መንቀፌ አይደለም፣ ሌሊት ሌሊት በዚያ መንገድ የሚነዱት እነርሱ ናቸውና።

የደረጃ ዕድገቱን ነገር እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ጠንቅቀን እናውቀዋለን። ሌሊት በተረኛነት ደም ሲያቆም የሚያድረውና በቢሮ ሪፖርት የሚያጠናቅረው በአንድ እርከን የሚቆጠሩ ከሆነ፣ ሰው የሚማረው ወደ ቢሮ የሚያገባውን ትምህርት ነው። ያ የጤና መኮንንም በመጨረሻ በቅዳሜና በእሑድ ትምህርት በሥራ አመራር ዲግሪ ይዞ፣ ዛሬ ከአንድ ከተማ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት አግኝቼው ስለዚያች ሌሊት አነሣሁበት፤ የአክስቴን ልጅ ስም አልረሳውም።

አክባሪዎ
አንድ የጋይንት ተወላጅ፤ አዲስ አበባ