ተማሪ በኃይል ሽያጭ ላይ ይከራከር፦ ለአንድ የተለመደ አስተያየት የቀረበ ምላሽ

በመምህራንም ሆነ በትምህርት ኃላፊዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አስተያየት አለ። ተማሪ በኃይል ጉዳይ የሚወዳደር ከሆነ በፈጠራ ይወዳደር፤ የፀሐይ ምድጃ፣ አነስተኛ የንፋስ ተርባይን ወይም የባዮጋዝ ማብላያ ሠርቶ ያሳይ ይላል። የኃይል ሽያጭ ውል፣ ታሪፍና የቀጠናው ንግድ ግን የመንግሥትና የባለሙያ ጉዳይ ናቸውና ተማሪ ቢከራከርባቸው ትርፉ ጊዜ ማባከን ነው ይባላል። ይህን የሚሉ ወገኖች ቅን ናቸው። አገሪቱ በእጁ የሚሠራ ወጣት ያስፈልጋታል ሲሉም ተሳስተዋል አልልም። መደምደሚያቸው ግን በሦስት ግድፈቶች ላይ የቆመ ነው።

አንደኛ፣ አስተያየቱ ችግሩን ራሱን በትክክል አልለየም። መነሻው «ኃይል ያጥረናል፤ ስለዚህ ኃይል የሚያመነጭ ነገር እንፍጠር» የሚል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያም ሆኖ ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም ኤሌክትሪክ አያገኝም። በግድቡና በገጠሩ ጎጆ መካከል የጎደለው ማስተላለፊያ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ በቀጥታ ወይም በጥሬ ዕቃቸው በኩል የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃሉ። የውጭ ምንዛሪ ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ ለጎረቤት የሚሸጠው ኃይል ነው። ስለዚህ የአንድ ቀበሌ መብራት ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ከድንበር ማዶ ወደሚፈረም ውል ይደርሳል።

ለምሳሌ ከኬንያ ጋር የተፈረመውን ውል ቀረብ ብለን እንመልከተው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር 2,000 ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም አለው። ኬንያ በ25 ዓመቱ ውል ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ለመግዛት የተስማማችው ግን 200 ሜጋ ዋት ነው፤ ከዚያ በኋላ መጠኑ 400 ይሆናል። ዋጋው ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። 200 ሜጋ ዋት ሳይቋረጥ ቢሸጥ በሰዓት 13,000 ዶላር፣ በዓመት 114 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገኛል። አሁን ዋጋው በግማሽ ሳንቲም ብቻ ይለወጥ እንበል። ልዩነቱ በዓመት 8.76 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። መጠኑ በ200 ሜጋ ዋት ላይ ቢቆም እንኳ በ25 ዓመት ውስጥ 219 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ይህን ስሌት ለመሥራት ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ አያስፈልግም። ይሁንና በምህንድስና ተመርቆ የሚወጣ ስንቱ ተማሪ ነው አንድ ጊዜ እንኳ እንዲሠራው የተጠየቀው? የግማሽ ሳንቲምን ክብደት የተረዳ ወጣት ለአገሩ የሚሰጠው ጥቅም ምድጃ ከፈጠረው ጓደኛው አያንስም።

ሁለተኛው ግድፈት ውድድራዊ ክርክርን ከንግግር ችሎታ ጋር ማምታታት ነው። «የሚያሸንፈው አፈ ጮሌው ነው» የሚል ስጋት ይሰማል። ለአንዳንድ የክበብ ክርክሮች ስጋቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ በሕግ ትምህርት ቤቶች ለምናውቀው የምስለ ችሎት ውድድር ግን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጀመረውን የጄሳፕ ውድድር ብንወስድ፣ ተወዳዳሪዎች የሚቀርቡት በልብ ወለድ አገሮች መካከል በተነሣ ክስ ነው። አንድ ቡድን የከሳሹንም የተከሳሹንም የጽሑፍ ክርክር አዘጋጅቶ ያስገባል። ከቃል ክርክሩ በፊት የወራት ንባብ አለ። የሁለቱንም ወገን ክርክር የጻፈ ተማሪ የራሱን ደካማ ጎን ከተቃዋሚው ቀድሞ ያያል። በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሚካሄደው የአፍሪካ የሰብዓዊ መብት ምስለ ችሎት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ተሳትፈዋል። በዚህ መልክ ስለ ሰብዓዊ መብት መከራከር የቻለ ተማሪ ስለ ኃይል ውል መከራከር የማይችልበት ምክንያት አልታየኝም።

የፈጠራ ውድድር ራሱ ከገበያ ተነጥሎ እንዲቆም የሚያስገድድ ምክንያትም የለም። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሶላር ዴካትሎን ተማሪዎች በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቤት ገንብተው የተወዳደሩበት መድረክ ነው። በብዙዎቹ ዙሮቹ ቤቱ በገበያ ላይ ያለው ተቀባይነት ራሱን የቻለ መመዘኛ ሆኖ ነጥብ ተሰጥቶታል። በእኛ አውደ ርእዮች ግን የሚጠየቀው በአብዛኛው «ይሠራል ወይ?» ነው። «ማን ይገዛዋል? በስንት? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» የሚለው ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ሽልማቱ ይሰጣል።

ሦስተኛው ግድፈት በክብ የሚዞር ሙግት ነው። ተማሪ ልምድ ስለሌለው አይከራከር ይባላል፤ ሳይከራከር ግን ልምዱን ከየት ያገኛል? የውል ዝርዝር ምስጢር ነው የሚለው መከላከያም ብዙ አያስኬድም። ከላይ የጠቀስኳቸው መጠንና ዋጋ በይፋ የተነገሩ ናቸው፤ በኃይል ውል ላይ የሚደረግ የተማሪዎች ምስለ ችሎትም እውነተኛውን ሰነድ አይፈልግም። የቀጠናውን አገሮች የኃይል ንግድ የሚያስተባብረው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ኃይልን በድንበር ማዶ የማገበያየት ጉዳይ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ ተማሪው ከሩቅ እንዲያየው መፍረድ ተገቢ አይደለም።

እንዲህ ያለ ውድድር ቢጀመር ለመጀመሪያው ዙር የሚሆን ጉዳይ ልጠቁም። አንድ ሻጭ አገር፣ አንድ ገዢ አገርና በመካከላቸው ኃይሉ የሚያልፍበት ሦስተኛ አገር አሉ። ዝናቡ ሁለት ዓመት በተከታታይ አንሶ የሻጩ ግድብ ውኃ ወርዷል። ሻጩ ድርቁን ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ነው ይላል፤ ገዢው በውሉ የተጻፈው መጠን ይድረሰኝ ይላል፤ መተላለፊያው አገር ኃይል ባይፈስም የመስመር ክፍያዬ ይከፈለኝ ይላል። የሻጩ አገር ከተሞችም በፈረቃ መብራት እያገኙ ነው። እያንዳንዱ ቡድን የሦስቱንም አገሮች መከራከሪያ በጽሑፍ ያስገባ፤ ለማን እንደሚቆም በዕጣ ይወሰን። ቡድኑ ከሕግ፣ ከኤሌክትሪክ ምህንድስናና ከኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይውጣጣ፤ ዳኞቹም ከእነዚሁ ሦስት ሙያዎች ይሁኑ። ስሌቱን ያላቀረበ ቡድን፣ ንግግሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ወደ ቃል ክርክሩ አይለፍ።